በሙዳይ የከረሙ ሴቶች

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ የቁልቋል በር ሴቶች ወደ ውሃ ከመውረዳቸው በፊት በዘሐራ ይመር ደጅ ያልፋሉ። ማንም በር አያንኳኳም። ዘሐራ ቀድማ ተነሥታ፣ በርጩማዋን ደፉ ላይ አድርጋ፣ ሙዳይዋን ጭኗ ላይ አኑራ ትጠብቃቸዋለች። አንዷ ትመጣለች፤ ከግራ እጇ አምባሯን አውልቃ ሙዳዩ ውስጥ ታኖርና «አደራ» ትላለች። «ከእኔ ጋር ነው፤ በሰላም ተመለሺ» ትላለች ዘሐራ። ከዚያ ሌላዋ። ሠላሳ አንዱ አምባር እስኪሞላ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ዘሐራ ክዳኑን ትገጥምና ጀሪካኖቹ እየተንኳኩ ቁልቁል ሲርቁ ታዳምጣለች።

ጊዜው ሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። ከወልድያ በስተ ምሥራቅ ወደ ቆላው በምትወርደው በዚህች መንደር ጨውና ስኳር በሰማይ፣ በድሮን ይመጣል። ሐኪሙ ከጤና ኬላው ግድግዳ ላይ ብቅ ብሎ «ምላስሽን አውጪ» ይላል። ማረሻው ያለ በሬ ያርሳል፤ በሬዎቹ ሥራ ፈትተው ሰብተዋል። ውሃው ግን ዛሬም ከሽንብሬ ምንጭ በሴት ጀርባ ነው የሚመጣው። ለምን ቢሉ መልሱ አጭር ነው፦ የመንደሯ የቧንቧ ተራ አልደረሰም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ተራውን የሚሰጠው ሚዛን ነው። ሚዛን ሰው አይደለም፤ አይቆጣም፣ አይለመንም፣ ዘመድ የለውም። ወንድና ሴት በውሃ፣ በመጸዳጃና በንጽሕና ምን ያህል እንደሚበላለጡ ይለካና ልዩነቱ ለባሰበት መንደር ቧንቧውን ያስቀድማል። ለመለኪያው ሲባል ከአሥር ወር በፊት፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ሁሉ አምባር ታደለ። አምባሩ ባለቤቱ የት እንደሄደ፣ ስንት ሰዓት ወረፋ እንደቆመ፣ ምን ያህል እንደተሸከመ ያውቃል። ሌላም ሌላም ያውቃል፤ እሱ በሰው ፊት አይወራም።

ነገሩ የተበላሸው በዕደላው ዕለት ነው፤ ያበላሸውም ክፋት ሳይሆን ጨዋነት ነው። የመንደሩ ሊቀመንበር አያ ሰይድ ሙሔ ዋርካው ሥር ቆሞ «ይህ የሕዝብ አደራ ነው! እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁት!» አለ። ወንዶቹ አምባሩን ሰዓት ያዩበት፣ የኳስ ውጤት ይሰሙበት ጀመርና ከእጃቸው ሳያወልቁት ቀሩ። ሴቶቹ ግን «አደራ» የሚለውን ቃል ሰሙ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። በመጀመሪያው ሳምንት የጎረቤቷ የየሻረግ አምባር ከሽንብሬ ዳገት ድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ሲጫር፣ የሻረግ ልጅ እንደሞተባት አለቀሰች። በማግስቱ ሴቶቹ መከሩ። የሰው ንብረት ይዞ ገደል አይወረድም፤ ታማኝ ሰው ዘንድ ይቀመጥ። ታማኟም፣ ቤት የምትውለውም ዘሐራ ናት።

ዘሐራ ቤት የምትውለው ወዳ አይደለም። ከአራት ዓመት በፊት እግር ሰባሪ በሚባለው ዳገት ላይ ሃያ ሊትር ውሃ እንዳዘለች ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ውሃውን የምትቀዳው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጇ ጦይባ ናት፤ ጠዋት ውሃ ትወርዳለች፣ ትምህርት ቤት የምትደርሰው ሌሎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜ ከጨረሱ በኋላ ነው። ዘሐራ ልጇ ከዚያ ዳገት እስክትመለስ ድረስ ምራቅ አይወርድላትም።

ጦይባ አንድ ቀን «እማ፣ ይህ ነገር እኮ ሊለካን ነው የተሰጠን፤ ሙዳይ ሊለካ አይደለም» ብላት ነበር።

«ሲሰበርስ ምን ልንል ነው? አደራ በላ እንባል?» አለቻት እናቷ። ጦይባም አምባሯን አውልቃ ሰጠቻት።

ማታ ማታ ደግሞ ሙዳዩ ለአጭር ጊዜ እንደገና ይሞላል። የመንደሩ ብቸኛ መጸዳጃ ቤት በሩ ወንዶች ከሚቀመጡበት ዋርካ ፊት ለፊት ነው፤ ሴት በቀን አትገባበትም። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ፣ ሴቶቹ ወደ ቁልቋሉ ጀርባ ይወርዳሉ። አምባሩ በጨለማ አረንጓዴ መብራት ያበራል። መብራት አብርቶ ቁጥቋጦ ሥር የሚቀመጥ ማን አለ?

የራሷን አምባር ዘሐራ አታወልቅም። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነዘር ይልና «ለረጅም ሰዓት ተቀምጠዋል። ደህና ነዎት?» ይላታል። እሷም «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ትለዋለች። ደህና ነሽ ላለ ሰው ሌላ ምን ይባላል?

በዚህ ሁኔታ አሥር ወር አለፈ።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሾፌር የሌላት መኪና ዋርካው ሥር ቆመች። የወረደችው ምንታምር የምትባል፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት አረጋጋጭ ናት። ሕጉ መሣሪያ ይለካ፣ ሰው ይፈርም ስለሚል የእሷ ሥራ ከመንደር መንደር እየዞሩ ውጤት ማንበብና ማስፈረም ነው። አያ ሰይድ ወሬውን ቀድሞ ሰምቶ ኖሮ ነጭ ለብሶ፣ ምንጣፍ አስነጥፎ፣ ወንዶቹን ሰብስቦ ይጠብቃል። ሴቶቹ ውሃ ወርደዋል። ሴት አይጥፋ ተብሎ ዘሐራ በሁለት ከዘራ እየተደገፈች፣ ሙዳይዋን በነጠላዋ አዝላ መጥታለች፤ አደራ ጥሎ አይወጣም።

ለእንግዳዋ ውሃ በብርጭቆ ቀረበ። ምንታምር ከንፈሯን አስነክታ አስቀመጠችው። ወንዶቹ የከተማ ኩራት መሰላቸው። ዘሐራ ግን ልጅቷ እግሯን አጣምራ ስትቀመጥ አየችና ገባት፤ መንገድ ላይ መጸዳጃ የማታገኝ ሴት ውሃ አትጠጣም።

«ቁልቋል በር በወንድና በሴት እኩልነት ከዞኑ አንደኛ ሆናለች» ብላ ምንታምር ከጠፍጣፋው ሰሌዳዋ ማንበብ ጀመረች። «ውሃ ለማምጣትና ከብት ለማጠጣት ወንዶች በቀን በአማካይ አሥራ አራት ደቂቃ፣ ሴቶች ሁለት ደቂቃ ያጠፋሉ። ሴቶች ጠዋት ጠዋት በአንድ ቤት ተሰብስበው ለአራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያርፋሉ። ምሽት ላይም ለሃያ ደቂቃ ሸለብ ያደርጋሉ።»

አያ ሰይድ አጨበጨበ። «የእኛ ሴቶች እመቤቶች ናቸው! ማን ይነካቸዋል!»

«በመሆኑም» አለች ምንታምር ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ «በዚህ ዓመት ሊመጣላችሁ የነበረው የቧንቧ መስመር ወደ ጎረቤታችሁ መንደር ወደ ሰንበሌጥ ሜዳ ይዞራል። ቁልቋል በር በሚቀጥለው ዙር፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ትታያለች። መዝገቡ ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሊቀመንበሩ እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

ጭብጨባው እንደተጀመረ ቀረ።

ዘሐራ ወዲያው ያሰበችው ጦይባን ነው። አሥራ ሁለት ዓመት። ያኔ ጦይባ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ወልዳለች፤ ልጅም ውሃም አዝላ ያንን ዳገት ትወጣለች። ዘሐራ ጭኗ ላይ ያለውን ሙዳይ አየችው። አሥር ወር ሙሉ አንድም ሳይጠፋ፣ አንድም ሳይጫር የጠበቀችው፣ በልቧ የኮራችበት ሙዳይ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እኔ ነኝ፣ አለች በሆድዋ፤ ልጄን ለዳገቱ የሰጠኋት እኔ ነኝ።

«ልጄ» አለች ጮክ ብላ፣ «ያረፉት ሴቶች እነዚህ ናቸው።» ክዳኑን ከፈተችው።

ምንታምር ብድግ ብላ መጥታ አየች። ሠላሳ አንድ አምባር፣ እንደ እንቁላል ተደርድሮ። አንዱን አንሥታ አገላብጣ አየችና መልሳ አኖረችው።

«ሚዛንን የሠሩት ሰዎች» አለች በመጨረሻ ቀስ ብላ፣ «እነሱ አምባር የሚያወልቁት ሲተኙ ነው። ከወለቀ ሰውየው ዐርፏል ብለው ነው የጻፉት።»

«አጠፋሽን ዘሐራ!» አለ አያ ሰይድ፤ ዓይኑ ፈጠጠ። «ቧንቧ ሙዳይ ውስጥ ቀበርሽብን!»

«አንቱ አይደሉም እንዴ እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁ ያሉን? ጠበቅን!» አለች ዘሐራ። «ጥፋቱ የእኔም ነው፤ አልክድም። ልጄ ነግራኝ ነበር።»

በዚህ መሐል ሴቶቹ ውሃቸውን አዝለው ብቅ አሉ። ጦይባ ከፊት ናት፤ ቀሚሷ ከወገቧ በታች ርሷል። የተነበበው ሲነገራቸው የሻረግ ጀሪካኗን ሳታወርድ ቆመች።

«እኔ ዐረፍኩ? መቼ ነው እቴ? ቀኑን ንገሩኝና ልደሰትበት!»

የሳቀም አለ። ጦይባ ግን አልሳቀችም። «አሥራ ሁለት ዓመት?» አለችና እናቷን አየች። ዘሐራ የልጇን ዓይን ማየት አቃታት።

ምንታምር የቃል ምስክርነት ሚዛን እንደማይቀበል ነገረቻቸው። በእጇ ያለው ማስፈረም ብቻ ነው፤ ይህን ስትናገር ፊቷ ቀላ። ሴቶቹ ነገ አምባራቸውን አጥልቀው ቢወርዱስ? አይሆንም፤ አምባር እያወለቀ የከረመ ሰው የአንድ ቀን እርምጃ አይታመንም፤ ሠላሳ ቀን መታየት አለበት።

ዘሐራ ሰው ከማልቀሱ በፊት የሚያስበውን ዓይነት ሐሳብ ታስብ ነበር። «ቆይ ልጄ» አለች። «ዕረፍት ብለሽ ያነበብሽው አራት ሰዓት ከሃያ፣ እሱ እኮ ውሃው ነው። ከሥር መሠረቱ ተለክቷል። ስሙ ነው የተሳሳተው።»

ምንታምር ሰሌዳዋን አየች። የሠላሳ አንድ ሴት የሦስት መቶ ቀን ዕረፍት፣ መነሻና መድረሻ ሰዓቱ በደቂቃ ተጽፎ ተቀምጧል።

«እውነት ነው» አለች። «ግን ያ ሰዓት የውሃ መንገድ መሆኑን ሚዛን በምን ይወቅ? ከመጀመሪያው ሳምንት ወዲህ መንገዱን አንድም አምባር አልሄደበትም። ታማኝ አምባር መሄድ አለበት። አሥር ወር ሙሉ ከእጅ ያልወለቀ።»

ሁሉም ዞረው የወንዶቹን እጅ አዩ።

አያ ሰይድ እጁን ነጠላው ውስጥ ከተተ። «እንዴት ያለ ነገር ነው! ወንድ ልጅ ጀሪካን አዝሎ? ምንጩ ዘንድ፣ በሰንበሌጥ ሴቶች ፊት? ነውር ነው!»

«ነውር ከሆነ ለእኛም ነውር ይሁን አያ ሰይድ» አለች ዘሐራ። «ካልሆነ ለአንቱም አይሁን።»

«አይሆንም አልኩ! ወገቤን ያመኛል።»

ያን ጊዜ ሚስቱ ከዲጃ ተናገረች። ከዲጃ በአደባባይ የማትናገር ሴት ናት፤ ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። «እኔ አራስ ሆኜ፣ አርባዬ ሳይወጣ ወርጃለሁ» አለች።

አያ ሰይድ አያት። «መቼ?»

«ሦስቱንም ጊዜ።»

አያ ሰይድ እጁን ከነጠላው ውስጥ አወጣ። ሰው ከተጋባ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ በሕዝብ ፊት ሚስቱን ሲያውቅ እንዲህ ነው የሚሆነው። ከዚያም «ጀሪካኑ የት ነው የሚቀመጠው?» አለ።

ምንታምር መዝገቡ እስኪዘጋ ድረስ መንደሩ ውስጥ ማደሯ የግድ ሆነ፤ ዘሐራ ቤት አረፈች። ምሽት ላይ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ሲሆን፣ ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው መጥተው አምባሮቻቸውን ሙዳዩ ውስጥ አኖሩ። ምንታምር አየች። ሸለብታ የተባለው ምን እንደሆነ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። እሷም ከደሴ ጀምሮ ሽንቷን ይዛ ነበር የዋለችው። የራሷን አምባር አወለቀችና ከሌሎቹ ላይ አኖረችው።

«አደራ» አለች።

«ከእኔ ጋር ነው» አለች ዘሐራ። ጦይባ ነጠላዋን ልትጋርድላት አብራት ወረደች።

ሲመለሱ ሰሌዳው ላይ «ምንታምር፦ ሃያ ደቂቃ ሸለብታ» የሚል ተጽፎ አገኘች። ለብቻዋ እስኪያስላት ሳቀች። የሌላ ሰው ቃል ባይቆጠርም፣ አረጋጋጭ በራሷ ላይ የደረሰውን በመሐላ እንድትጽፍ ሕጉ ይፈቅድላታል። በሰሌዳው ላይ ለረጅም ጊዜ ጻፈች፤ ውሃ ሳትጠጣ መዋሏንም አልተወችም። ስትጨርስ ዘሐራ ውሃ ሰጠቻት፤ ብርጭቆውን ጥርግ አድርጋ ጠጣች።

በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሃያ ሁለት ወንዶች ጀሪካን ይዘው ተነሡ። ሚስቶቻቸው ገመዱን እንዴት እንደሚያስሩ፣ ጀርባቸው ላይ ጨርቅ እንዴት እንደሚደርቡ አሳዩዋቸው። ጦይባም ለአያ ሰይድ ገመዱን ስታጠብቅለት «አያ፣ ሲወጡ ወደ ፊት ጎንበስ ይበሉ፤ ቀና ካሉ ወደ ኋላ ይጥልዎታል» አለችው። ሴቶቹ ከዋርካው ሥር፣ የወንዶቹ ቦታ ላይ ተቀመጡ። በዕድሜያቸው በዚያ ሰዓት ተቀምጠው አያውቁም፤ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋባቸው። ከዲጃ ሦስቴ ተነሥታ ሦስቴ ተቀመጠች።

የምንታምር ሰሌዳ ላይ ሃያ ሁለት ነጥቦች ቁልቁል ወረዱ። ምንጩ ዘንድ ቆሙ። አንድ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ቆሙ፤ ወረፋ ነው። የሻረግ «የሰንበሌጥ ሴቶች አሁን እየሰደቧቸው ነው» ብላ ተስፋ አደረገች። ከዚያ ነጥቦቹ መውጣት ጀመሩ፤ እግር ሰባሪ ላይ ሲደርሱ አንድ በአንድ ቆሙ። ከሰሌዳው ውስጥ የአምባሮቹ ድምፅ ተሰማ፤ ለስላሳ፣ አክባሪ፣ አሥራ አራት አምባር በአንድ ጊዜ።

«የልብዎ ምት ከፍ ብሏል። እባክዎ ይቀመጡ። ሐኪም ይጠራልዎ?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ዘሐራም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወደ ዕንባ ተለወጠ። ዳሌዋ የተሰበረ ዕለት ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ እዚያው ድንጋይ ላይ ተጋድማ ቆይታለች። ደህና ነሽ ወይ ያላት የእጅ ጌጥ አልነበረም። ከእሷ በፊት እናቷን፣ ከእሷም በኋላ ልጇን ተቀመጪ ያለ አንድም ድምፅ አልነበረም። ምንታምር አየቻትና እጅዋን ያዘቻት።

ጊዜው ሄደ። አራት ሰዓት ሆነ፤ ነጥቦቹ ዳገቱ ላይ ናቸው። አምስት ሰዓት ሆነ፤ ገና ናቸው። ሴት በአራት ሰዓት ከሃያ የምትጨርሰውን መንገድ ወንዶቹ ስድስት ሰዓትም አልበቃቸው። ምንታምር ሰዓቱን እያየች ከንፈሯን ነከሰች። ዘሐራ ሁለቱን ከዘራዎቿን ይዛ ቆመች፤ ሄዳ ልትሸከምላቸው ይመስል።

አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ የመጀመሪያው ጀሪካን ከቁልቋሉ መሐል ብቅ አለ። አያ ሰይድ ነው። ነጭ ልብሱ ጭቃ ሆኗል፤ ውሃው ግማሹ መንገድ ላይ ፈስሷል። ወደ ከዲጃ ሄዶ ጀሪካኑን እግሯ ሥር አኖረው።

«ጎድሏል» አለ።

«ደርሷል» አለች ከዲጃ።

የቀሩትም መዝገቡ ሳይዘጋ ተከታትለው ደረሱ፤ የሃያ ሁለቱ መንገድ ከሠላሳ አንዱ ዕረፍት ጋር ተነጻጸረ። ሴቱም ወንዱም ሰሌዳውን ከበበ። ከዚያ የሚዛን ድምፅ መጣ።

«ዕረፍት ተብሎ የተመዘገበው የሦስት መቶ ቀን ጊዜ ወደ ውሃ ተዛውሯል። የምሽቱ ጊዜ ወደ መጸዳጃ ተዛውሯል። ቁልቋል በር በእኩልነት ከዞኑ መንደሮች የመጨረሻ ሆናለች። የቧንቧው መስመር ይቀድምላታል። ሊቀመንበሩ ይፈርሙ።»

አያ ሰይድ ጣቱን ዘረጋ። ትናንት አንደኛ የነበረ ሊቀመንበር ዛሬ የመጨረሻ ነኝ ብሎ መፈረም አለበት። ፈረመ። ከዚያ ዞሮ «ምን ትጠብቃላችሁ? መጨረሻ ወጥተናል እኮ! እልል በሉ!» አለ።

ያ እልልታ ሰንበሌጥ ሜዳ ድረስ ተሰማ ይባላል። ሰንበሌጥን ዘሐራ አልረሳችም። ምንታምርን መኪናዋ ዘንድ ስትሸኛት «እዚያም ሄደሽ የሴቶቹን እጅ እይ» አለቻት። «የእነሱም አምባር የሆነ ሙዳይ ውስጥ ይሆናል።» ምንታምር ልትስቅ ብላ ተወችውና ጻፈችው።

ሐሙስ ንጋት ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ወደ ዘሐራ ደጅ መጡ። ሙዳዩ ተከድኗል።

«ዛሬ አልቀበልም» አለች ዘሐራ። «ቧንቧው እስኪመጣ ስምንት ወር አለ፤ ስምንቱንም ወር በእጃችሁ ይሁን። ይጫር። ይሰበር። አደራው እናንተ ናችሁ እንጂ እሱ አይደለም።»

የሻረግ አምባሯን እንደ አዲስ ሙሽራ አየት አደረገችውና ወረደች። ጦይባ ከኋላዋ ናት። ከጦይባም ኋላ አያ ሰይድ ወገቡን በመቀነት አስሮ፣ ጀሪካኑን ይዞ መጣ፤ «ሰላም አደርሽ» ብቻ ብሎ አለፈ፤ ዘሐራም ሳቋን ዋጥ አድርጋ «በሰላም ተመለሱ» አለች። ሌሎች ሰባት ወንዶች ተከተሉት። አሥራ አራቱ ግን ወገባቸውን አሟቸው ቀርተዋል።

ዘሐራ ደፉ ላይ ተቀመጠች። ጭኗ ባዶ ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ አምባሯ ነዘር አለ።

«ለረጅም ሰዓት ተቀምጠዋል። ደህና ነዎት?»

አልሐምዱሊላህ ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ተወችው።

«ደህና አይደለሁም» አለች። «የምቀመጠው ዳሌዬ ተሰብሮ ነው፤ የተሰበረውም በውሃ መንገድ ላይ ነው። ልጄ አሁን እዚያው መንገድ ላይ ናት። እሷ እስክትመለስ ድረስ አንድም ቀን ደህና ሆኜ አላውቅም።»



«ተመዝግቧል» አለ አምባሩ።